ጭምቷ የጮኸች ቀን

እንዝርት ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን እሱን የሚያስታውስ ሰው ከሰፈሩ ጠፍቷል። ቀጭን ናት፣ ስትሽከረከር ትውላለች፣ የአንዷን ፀጉር እየሠራች ከሌላዋ ጋር ታወራለች፣ ዓይኗ ደግሞ በር ላይ ነው። እስቲ ትንሽ ተቀመጪ ቢሏት ወንበሩ የሚፋጅ ይመስል ገና ሳትነካው ብድግ ትላለች። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ምስጢር ይጠብቃል ብትሉ አይፈረድባችሁም። ግን ትጠብቅ ነበር፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ፀጉር ቤቷ ከጫማ ጠጋኙና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት መስተዋት፣ አንድ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ጥግ ላይ የጥፍር ሠሪዋ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ካስኮች፣ እነዚያ እንደ ድስት ራስ ላይ የሚደፉት ማድረቂያዎች። የመሳቢያዋ ነገር ግን ለብቻው ነው። ላዩን ማበጠሪያና የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ታያላችሁ፤ ከሥሩ ኮንዶም አለ፣ ከጤና ጣቢያ የመጡ በራሪ ወረቀቶች አሉ።

ነገሩ የተጀመረው በነርሷ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ቀን ፀጉሯን ልትሠራ መጥታ ተቀምጣ ሳለ፣ እሷ ዘንድ ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው አንድ ቃል የማይተነፍሱት ወጣት ሴቶች፣ እዚህ ጀርባቸውን ለእንዝርት ሰጥተው የሆዳቸውን ሲዘረግፉ ሰማች። «አንቺ የኔን ሥራ እየሠራሽ ነው እኮ፤ በይ ቢያንስ ተምረሽ ሥሪው» አለቻት። እንዝርት ሥልጠናውን ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ማበጠሪያው ሲሄድ አፏም ይሄዳል፤ ስለ ምርመራ፣ ስለ ኮንዶም፣ ኤች አይ ቪ የሌለባት ሴት እንዳይዛት በየቀኑ ስለምትውጠው ኪኒን። ታስቃለች፣ ታፋጥጣለች፣ የፈራችውን ክንዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ድረስ ትወስዳለች።

አንድ ሕግ ግን አላት። ካስክ ውስጥ ካለች ሴት ጋር ይህ ወሬ አይወራም። ካስክ ጆሮ ላይ ነው የሚጮኸው፤ ውስጡ ያለችው ሴት የራሷን ድምፅ እንኳ አትሰማም፣ ያንሾካሾከች እየመሰላት ለመንገደኛው ሁሉ ታሰማለች። አንዷ ባሏ በእንቅልፍ ልቡ የማንን ስም እንደሚጠራ ሳይታወቃት ያወጀችው እዚሁ ነው። ጫማ ጠጋኙ ባልየውን ባየ ቁጥር እስከ ዛሬ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል።

ጭምቷን ጭምቷ ብላ የሰየመቻት እንዝርት ራሷ ናት። ልጅቷ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ ድምፅዋ ከማነሱ የተነሳ ዋጋ የጠየቀ ገዢ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ነው መልሷን የሚሰማው። እናቷ የሞተችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ያሳደጓት ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ናቸው። ፍቅረኛዋ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነው። ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ ፀጉሯን ተሠርታ እንደሄደች እንዝርት ናት የምታውቀው። «እወደዋለሁ፤ ግን እንመርመር ስለው ይቆጣል፣ ኮንዶም ስለውም ይቆጣል። ሲሄድ ደግሞ የት እንደሚያድር አላውቅም» አለቻት አንድ ቀን በመጨረሻ። እንዝርት ይዛት ሄደች። ተመረመረች፣ ነፃ ሆነች፣ ኪኒኑን ጀመረች። የሚያስፈራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እቴቴ ካወቀች አለቀልኝ» ትላለች፤ እቴቴ የምትለው አክስቷን ነው።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ደንበኞች ብቻ ነበሩ። አንዷ ጭምቷ ናት፤ ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች። በጎኗ ባለው ካስክ ውስጥ ደግሞ ሰበር ዜና አለች። ሰበር ዜና የጭምቷ አክስት የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ስሟ ከሥራዋ የመጣ ነው። የሰፈሩ ወሬ ከባለቤቱ በፊት የሚደርሰው ለእሷ ነው፤ ከእሷ በኋላ የሚቀር ጆሮ የለም። ከሰዓት ሠርግ አለባትና ፀጉሯንም ጥፍሯንም በአንዴ እያሠራች ነው። ጥፍር ሠሪዋ እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን ይዛለች።

እንዝርት ሹፌሩ ሰሞኑን ተመልሷል ሲባል ሰምታለች፤ ጭምቷ ደግሞ ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። ልጅቷ ኪኒኑን ትታው ይሆን? ከካስኩ እስክትወጣ ጠብቃ ልትጠይቃት አሰበች። ወለሉን ጠረገች፣ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች፣ ፎጣ አጠፈች፣ የታጠፈውን ፈታች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን ሄደችና የካስኩን ጠርዝ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ «ኪኒኑን እየወሰድሽ ነው አይደል?» አለቻት በጆሮዋ፣ ከዚያም ካስኩን መልሳ ደፋችው። ምነው እጇን በቆረጠው።

ጭምቷ ፈገግ አለች። ከዚያ በሕይወቷ ወጥቶላት በማያውቅ ድምፅ፣ «የኤች አይ ቪውን ኪኒን? አንድም ቀን አልዘለልኩም! ጫማዬ ውስጥ ነው የምደብቀው፣ እቴቴ አላየችኝም!» አለች።

ጥፍር ሠሪዋ ክው አለች። እንዝርት ቀና ስትል መስተዋቱ ውስጥ የሰበርን ፊት አየች። የሰበር ዓይኖች ሊወጡ ደርሰዋል፣ አፏ ተከፍቷል። ጭምቷ ግን ምን እንዳደረገች አታውቅም፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ሰላሟን ተቀምጣለች።

እንዝርት ያለፈው ትዝ አላት። ከዚህ በፊት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ኪኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ አግኝተው ታመሻል ብለው ልብሷን ደጅ ላይ ወረወሩላት። መከላከያ ነው ብትል ማን ይስማት። ልጅቷ ከተማውን ለቃ ሄደች፤ ኪኒኑንም ትታዋለች አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። አሁን ሰበር ከዚህ ወንበር ከተነሳች ሠርጉ ቤት ሳትደርስ አክስትየው ቤት እንደምትደርስ እንዝርት እንደ ስሟ ታውቃለች። ለነገሩ ሰበር ቢጎዲን ተጠቅልላ መንገድ አትወጣም። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ጥፍሯ ደግሞ አልደረቀም።

እንዝርት ወደ ጥፍር ሠሪዋ ጎንበስ አለች። «ቀለሙን ድገሚላት። ሊደርቅ ሲል ሌላ ድገሚላት። እስክመጣ እንዳታስነሺያት።» የሰበርን ካስክ መቆጣጠሪያ እስከ ጥጉ አዞረችው። ሰበር ከውስጥ፣ «አሁንም አልደረቀም እንዴ?» ብላ ጮኸች። እንዝርት በእጇ ምልክት፣ ገና ነው፣ ትንሽ ታገሺ፣ አለቻትና በሩን ከፍታ ወጣች።

ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ማበጠሪያው በእጇ ነው፣ ሽርጧ ላይ የተሰኩት የፀጉር መቆንጠጫዎች ስትሮጥ ይንኳኳሉ። ጫማ ጠጋኙ፣ «ደንበኛ ሳትከፍል አመለጠችሽ?» አላት፤ ዞር ብላም አላየችው። በጋራዡ በኩል አቋረጠች፣ በዳቦ ቤቱ ጓሮ ወጣች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነጠላ ጫማዋ ወልቆባት ተመልሳ አነሳችው። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ታወራለች። ቀስ ብዬ እጀምራለሁ፣ መጀመሪያ ጤና እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ስለ መከላከል ባጠቃላይ አነሳለሁ። ጎበዝ፣ እንዝርትና ቀስታ።

የአክስትየው በር ክፍት ነበር፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። አክስትየው ሰፊ መጋረጃ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠርዙን እየሰፉ ነው። እንዝርትን ቁና ቁና ስትተነፍስ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች እትዬ፣ ደህና ናት። ማንም አልመጣም? ስልክም አልተደወለም?»

«ማን ይመጣል?»

«እንኳን አልመጣ። ማንም መጥቶ ምንም ቢልዎት እንዳያምኑ። ልጅዎ አልታመመችም። ኪኒኑ የበሽተኛ ኪኒን አይደለም፣ እንዳይዛት ነው የምትውጠው፣ የሚወስደውም ጤነኛ ሰው ነው። ተመርምራለች፣ ነፃ ናት፣ እኔ ራሴ ነኝ የወሰድኳት። ስለዚህ ልብሷን ደጅ ላይ እንዳይጥሉባት እለምንዎታለሁ።»

አክስትየው እግራቸውን ከመኪናው ላይ አነሱ። «የምን ኪኒን?» አሉ።

እንዝርት አሁን ወደ ኋላ መመለስ አትችልም። «የኤች አይ ቪ መከላከያ» አለች።

አክስትየው መጋረጃውን አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት። «እንግዲያው ወንድ አላት ማለት ነው» አሉ።

«አላት።»

«እሷ ናት የላከችሽ?»

«አይ፣ እሷማ አታውቅም፣ እኔ ነኝ...»

«ታዲያ ንገሪ ያለሽ ማን ነው? ልጄ ለኔ ያልነገረችኝን አንቺ ከመንገድ እየሮጥሽ መጥተሽ የምትነግሪኝ በምን ሥልጣንሽ ነው?»

ደንበኛ የምታስቅ፣ ነርስ የምታስንቅ፣ ቃል አልቆባት የማያውቅ ሴት፣ አንገቷን ደፋች። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ማበጠሪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አክስትየውም ከዚያ ወዲያ አልተቆጧትም። መጋረጃውን እየዳሰሱ፣ ለእሷም ለራሳቸውም የሚያወሩ በማይመስል ድምፅ ተናገሩ።

«እናቷን ሳንባ ነው የገደላት ብዬ ነው ያሳደግኳት። ሳንባ አልነበረም። እህቴ መድኃኒት ነበራት፤ ከኔ ትደብቀው ነበር። እኔ ቤት ውስጥ ካለሁ ትዘለዋለች፣ እንግዳ ከመጣ ትዘለዋለች። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አላወቅሁም። ባወቅሁ ጊዜ አንስተን የምናበላት ሆና ነበር።» መጋረጃውን ከጉልበታቸው አወረዱ። «ምኔን ነው የሚፈሩት? እህቴም ፈራችኝ፣ ያሳደግኳትም ልጅ ፈራችኝ። ይሄ ነው እኔን የገደለኝ እንጂ ኪኒኑ ምን አደረገኝ?»

እንዝርት ልታቅፋቸው ፈለገች፣ አልደፈረችም።

«ሂጂ አሁን ሥራሽን ሥሪ» አሉ አክስትየው። «የሰው ራስ ትተሽ የመጣሽ ትመስያለሽ።»

እንዝርት የሁለቱን ካስኮች ነገር ያኔ አስታወሰችና እየሮጠች ተመለሰች።

ስትገባ ጥፍር ሠሪዋ ጭምቷን አውጥታ መስተዋቱ ፊት አስቀምጣታለች፣ ቢጎዲኖቹን እየፈታችላት ነው። ሰበር ግን አሁንም እዚያው ነበረች፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ላቧ ባንገቷ ይወርዳል፣ ጥፍሯ በቀለም ብዛት ወፍሯል። እንዝርት ካስኩን አነሳችላት።

«ምን ነካችሁ ዛሬ? ጠበሳችሁኝ እኮ» አለች ሰበር ጆሮዋን እየነካች። «ስጮህ የሚሰማኝ የለ፣ ይሄ ማሽን ደግሞ ጭራሽ አደነቆረኝ። ይቺ ልጅሽ ብትሆን ሥጋዬን ነው የቆረጠችው፤ ዓይኔ ሊወጣ ነበር። ሰው ሁሉ አፉን ይከፍታል፣ እኔ አንዲት ቃል አልሰማ። ምን ቀረብኝ? የሚወራ ነገር ነበር?»

እንዝርት አየቻት። ቅድም በእጇ ምልክት ስታናግራት እንኳ ሰበር ምንም እንደማትሰማ ልብ አላለችም። ካስክ ውስጥ ያለች ሴት እንደማትሰማ ለሰው ሁሉ የምታስተምረው እሷ፣ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ካስኮች በየቀኑ የምትወለውለው እሷ፣ ሰበርም ካስክ ውስጥ እንደነበረች ረሳች። በዚያ ሰዓት በሰፈሩ ውስጥ የጭምቷን ምስጢር ይዛ የሮጠች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሽርጥ ለብሳለች።

ተቀመጠች። ጥፍር ሠሪዋ እንዝርት ወንበር ላይ ተቀምጣ ያየችው ያን ቀን ነው፤ አመማት ብላ ውሃ አመጣችላት።

ሰበር ለሠርጉ አምራ ከወጣች በኋላ እንዝርት ከጭምቷ ጀርባ ቆመች። ላለመናገር አሰበች፣ እውነቱን ለመናገር በደንብ አሰበች። ግን መስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩና አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻት፤ ጩኸቱን፣ ሩጫውን፣ አክስቷ ደጃፍ ላይ የዘረገፈችውን። የእናቷን ነገር ብቻ ተወችው፤ እሱ የአክስትየው ነው።

«ለእቴቴ ነገርሻት?» አለች ጭምቷ።

«ሰበር የምትቀድመኝ መስሎኝ ነው።»

ጭምቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰበር ብታወራብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰበርን ማን ያምናታል? አንቺን ግን ሁሉም ያምንሻል» አለች። ተነሳች፣ ከኋላ ያልተፈቱ ቢጎዲኖች ፀጉሯ ላይ እንዳሉ በሻርፕ ሸፈነችው፣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዝርት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ጥፍር ሠሪዋን ጠይቁ። በር በተከፈተ ቁጥር ትዞራለች። አንዷን ደንበኛ ሁለት ጊዜ በሻምፖ አጥባት ሦስተኛ ልትጀምር ስትል ሴትየዋ ራሷን ቀና አድርጋ አስቆመቻት። ጭምቷን አንድ ቀን አየቻት፤ በማዶ በኩል ነበር የምታልፈው፣ ወደ ፀጉር ቤቱ አልዞረችም። እንዝርትን እንቅልፍ የነሳት ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጅቷ ኪኒኑን ትውጣለች ወይስ በንዴት ወርውራዋለች? ሄዳ ልትጠይቃት ተነሳች፣ መንገዱ መሀል ደርሳ ተመለሰች። ሄዶ መናገር ያመጣውን አይታለች።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሰበርም መስተዋቱ ፊት ተቀምጣለች፣ የሠርጉን ወሬ ገና አልጨረሰችም። በሩ ተከፈተና አክስትየው ገቡ። ጭምቷ ከኋላቸው ናት። ፀጉር ቤት የሚባል ቦታ ከረገጡ ዓመታት እንዳለፋቸው ከአገባባቸው ያስታውቃል።

«ፀጉሬን ሥሪኝ» አሉ አክስትየው።

ጭምቷ በላስቲክ የያዘቻቸውን ቢጎዲኖች ለእንዝርት አቀበለቻት። ሰላም አላለቻትም። ቢሆንም መጥታለች፤ እንዝርት ለጊዜው ይኸው በቃት። አክስትየውን አጠበቻቸው፣ ጠቀለለቻቸው፣ ካስክ ውስጥ አስገባቻቸው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጥፍር ሠሪዋ እስከ ዛሬ ይህን ስታወራ ማንም አያምናትም።

ትንሽ ቆይቶ አክስትየው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ጭምቷን በጣታቸው ጠሯት። ልጅቷ ጠጋ ስትል ግራ ቀኙን ቃኙ፣ ሰው እንዳይሰማ አፋቸውን በመዳፋቸው ከለሉ። ከዚያ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ፣ «ሰዓትሽ ደርሷል፣ የኤች አይ ቪውን ኪኒን ዋጪ! ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አትዝለዪው!» አሉ።

የሚሰማው የካስኩ ድምፅ ብቻ ነው። እንዝርት ዓይኗን ጨፈነች። ሰበር አሁን ካስክ ውስጥ አይደለችም፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ክፍት ናቸው።

ጭምቷ ቆማ ቀረች። በሩን አየች፤ እንዝርትም ስትሄድ አሰበቻት፣ እንደ ቀድሞዋ ልጅ በዚያው ስትጠፋም አሰበቻት። ልጅቷ ግን ወደ በሩ አልሄደችም። የአክስቷን ቦርሳ ከፈተች፣ ብልቃጡን አወጣች። ፍሬዎቹ ተንኮሻኮሹ። «ውሃ አለ?» አለች። ጥፍር ሠሪዋ ቀዳችላት። ሁሉም እያያት ዋጠችው።

«አልታመምኩም» አለች ከዚያ። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበርና ቤት ሙሉ ሴት ለመስማት ወደ እሷ ዘመመ። «እንዳልታመም ነው የምወስደው። እናቴ ግን በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው። መድኃኒቷን ስትደብቅ። እቴቴ ነገረችኝ።»

ሰበር አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ሁሉም የሚጠብቀው የእሷን ቃል ነው። ሰበር ፎጣዋን በጣቷ ስትጠቀልል ቆየችና፣ «የኔዋም ልጅ እኩያሽ ናት። የት እንደምትሄድ አትነግረኝም» አለች። ወሬ የሚነግር ሰው ድምፅ አልነበረም። «የት ነው ይሄ የሚሰጠው?»

ጭምቷ አገጯን ወደ እንዝርት ቀሰረች። «እሷን ጠይቂያት» አለች፣ እንዝርትን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እያየች። «ታውቃለች።»

እንዝርት መሳቢያው ላይ እጇን አሳረፈች። የምትለው ሁሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ነርሷን፣ ምርመራውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። «ልጅሽ ራሷ ትምጣ» አለች። «ስትፈልግ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

አክስትየው ካስኩ ውስጥ ሆነው አንዴ ጭምቷን፣ አንዴ የተደረደሩትን ሴቶች ያያሉ። «ቀስ ብዬ ነው የነገርኳት፣ ማንም አልሰማም አይደል?» አሉ ጮክ ብለው።

እንዝርት ጭምቷን አየቻት። ጭምቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየታገለች ራሷን በእሺታ ነቀነቀችላት። እንዝርትም ወደ አክስትየው ዞራ በእጇ ምልክት፣ ማንም አልሰማም፣ አለቻቸው።